እናታችን ሳይነገራቸው ኬሞ ይጀምሩ?

ሰላም ናችሁ የጎንደር ሰዎች፣ ከጎንደር ውጪም ሆናችሁ የምታነቡን። ስለ ካንሰር ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ እናንተም አልሰነፋችሁም። እኔ የመድኃኒት ስምና ዋጋ ምናምን ይበዛል ብዬ ነው የጠበቅኩት፣ ግን ደብዳቤዎቹ ሲከፈቱ አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው «ማነው የሚወስነው» የሚለው ነው። ስለዚ ዛሬ እነሱን መረጥኩ። ስም አላወጣም ሰፈር ብቻ ነው የምጽፈው፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንዴት ነሽ። እናቴ 58 ዓመታቸው ነው፣ የደምቢያ ሰው ናቸው፣ አሁን እኔ ጋ አዘዞ ነው ያሉት። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ናሙና ተወሰደና ካንሰር ነው ተባለ። ወንድሞቼ ውጤቱን እንደሰሙ ሐኪሙን ለብቻ ይዘው «እሳቸው እንዳይሰሙ፣ ከሰሙ በድንጋጤ ይሞቱብናል» አሉት። እናቴ መግል የያዘ እብጠት ነው፣ በመርፌ ይጠፋል ነው የተባሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ኬሞ ይጀምራሉ ከዛ ኦፕራሲዮን አለ። ትላንት ማታ ቡና እያፈላሁ «ልጄ ምንድነው ያገኙብኝ፣ ፊታችሁ እኮ ሌላ ሆኗል» አሉኝ፣ ምንም የለም ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ልንገራቸው? ወንድሞቼ ከነገርሻቸው ደማቸው በእጅሽ ነው እያሉኝ ነው።
ልጃቸው፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድሞችሽ ልጀምር፣ ክፉ ሆነው አይደለም። እኛ አገር መርዶ እንኳን ዝም ብሎ አይነገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ ተሂዶ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እነሱ የሚያውቁት ይሄንን ነው፣ ክፉ ወሬ ሰው ላይ ወርውሮ አይኬድም። ግን መርዶ ሲነገር ነገሩ አልቋል፣ የሚወሰን ነገር የለም። የእናትሽ ጉዳይ ገና መጀመሩ ነው፣ ውሳኔው ሁሉ ወደፊት ነው ያለው፣ ከዛ ሁሉ ውሳኔ ውስጥ የጠፉት ደግሞ የጉዳዩ ባለቤት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለነገሩ እናትሽ ፊታችሁን አይተው ግማሹን ደርሰውበታል፣ የቀራቸው ግማሹ ነው፣ እሱንም ከአንቺ አፍ ሊሰሙት ፈልገው ነው በቡናው ሰዓት የጠየቁሽ።

ደግሞ ውሸቱ አይዘልቅም። ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው፣ ቀይ ነው፣ በእጃቸው መስመር ሲወርድ ቀይ ሆኖ ይታያቸዋል፣ ከዛ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ሽንት ይቀላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆነው ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። እናትሽ ሹሩባቸውን ሲነኩ እጃቸው ላይ ሲቀር ለመግሉ ነው ልትያቸው ነው? እሱም ይቅር፣ ኬሞ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አይቀመጡም፣ ጎናቸው ያለችው ሴት ሻሿን እያስተካከለች «እትዬ የርስዎ የቱ ጋ ነው፣ የኔ ማህፀን ነው» ብላ ነው ወሬ የምትጀምረው፣ እኔ ስንቴ ሰምቻለሁ። ካንሰር መሆኑን ከማያውቋት ሴት ከሰሙት በኋላ አንቺን ምን ላይ ያምኑሻል?

ማመናቸው ደግሞ ለወጉ አይደለም የሚያስፈልገው። ኬሞ በተወሰደ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ በዛ ሰዓት ትኩሳት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ ይንጋ አይባልም። ምን እንደያዘው የማያውቅ ሰው ብርድ መቶኝ ነው ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒንም አለ፣ ካንሰሩ ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ከሆነ በቀን አንዴ ለ5 ዓመት አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት የሚዋጥ። እስቲ ንገሪኝ፣ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ለመግል ብሎ አምስት ዓመት ኪኒን የሚውጥ ማነው? በዓመቱ ይተውታል፣ እውነታቸውንም ነው።

አሁን ምን ምን እንደሚወሰን እንይ። ከኦፕራሲዮን በፊት ኬሞ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ እብጠቱ ተለቅ ሲል ወይም ብብት ውስጥ ያሉት እጢዎች ሲነኩ እንዲቀንስ ተብሎ ነው፣ ጥሩ ምክንያት ነው፣ ግን ምክንያቱን እናትሽ ይስሙት። ኬሞው ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው ወራት ይፈጃል፣ ደምቢያ ያለውን ቤት ማን ይጠብቃል፣ አጨዳው ላይ ቢገጥምስ፣ ወጪውን ለመሸፈን ምን ይሸጣል ምን ይቀራል፣ ጤና መድህኑ ምን ያህሉን ይይዛል፣ ይሄን ሁሉ ወንድሞችሽ ያለሳቸው ሊወስኑ ነው ማለት ነው፣ በሬው እኮ የሳቸው ነው። ከናሙናው የሆርሞን ምርመራ (ኢአር ፒአር የሚሉት) ተሰርቶ እንደሆነም ጠይቁ፣ እዚህ ካልተሰራ ናሙናው ተልኮ ይሰራል፣ ታሞክሲፌን ይጠቅማል አይጠቅምም የሚታወቀው በሱ ነው። የልብ አልትራሳውንድም ከቀዩ መድኃኒት በፊት ይታያል።

እንዴት ይነገር ላልሽው፣ አንቺ ማታ ጓዳ ውስጥ ብቻሽን አትንገሪያቸው። መጀመሪያ ሐኪሙን አግኚና «እናቴ እየጠየቁ ነው፣ ኬሞው ሳይጀመር ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ሰዓት ይስጡን» በይው፣ ኮሪደር ላይ እንዳይሆን። ቀጠሮው በጥቂት ቀን ቢገፋ ችግር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ በጡት ካንሰር ላይ ጥቂት ቀን ብዙ ጊዜ ለውጥ አያመጣም፣ ወራት ግን ያመጣል። እናትሽ ሲገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ለሳቸው ይሁን፣ «ያገኘነውን ሁሉ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጆቼ ንገሩልኝ ይላሉ?» ለልጆቼ ካሉ እሱም የሳቸው ውሳኔ ነው፣ ይከበራል፣ ግን ለየትኛው ልጅ ብላችሁ ጠይቁ፣ ታላቅየው ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ ምናልባት አንቺን ይሉ ይሆናል። ልስማ ካሉ ካንሰር የሚለው ነገር አንዴ በግልጽ ይባል፣ ወዲያው ምን እንደሚደረግ ይከተል፣ ከዛ ዝም በሉ። ያልቅሱ። አይዞዎት ምንም አይደለም እያላችሁ አትረባረቡባቸው። የነፍስ አባታቸው አብረው ቢሆኑ ደስ የሚላቸው ከሆነ ይጠሩ።

በድንጋጤ ይሞታሉ የሚለውን በተመለከተ፣ እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። የሚያለቅሱ አሉ፣ ሁለት ቀን እህል የማይቀምሱ አሉ፣ «እኔማ አውቄዋለሁ» የሚሉ ከምትገምቱት በላይ ብዙ ናቸው፣ ከዛ ግን ቀጠሮዬ መቼ ነው ይላሉ። ወንድሞችሽን ይሄንን ሐኪሙ ይንገራቸው፣ አንቺ ተከራክረሽ አታሸንፊያቸውም።

ስለ ሕጉ ለጠየቃችሁኝ ሌሎችም እዚሁ ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት ይችላል ይላል። በኋላ የመጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006 ደግሞ ባለሙያው የታካሚውን ፈቃድ እንዲያገኝ አዟል፣ ድንገተኛ ነገር ሲሆን ሌላ ነው። ስለዚ ዐዋቂ ሰው፣ ልቡናው ያለ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እያየ ልጁ ይፈርምለት የሚባለው ነገር ለምደነው እንጂ ትክክል ሆኖ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ 31 ዓመቴ ነው፣ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ቀኝ ጡቴ ላይ ትንሽ እብጠት አግኝቼ ባዮፕሲው (የናሙና ምርመራው) ካንሰር አለ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው ግን በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር «ጡቱ ይወጣል ከዛ ኬሞ» ብሎ ቀጠሮ ጻፈልኝ፣ አምስት ደቂቃም አልቆየሁም። እብጠቱን ብቻ ማውጣት አይቻልም? ልጅስ መውለድ እችላለሁ? ሌላ ሐኪም ባሳይ ይቀየመኛል?
ከማራኪ

መልስ፦ መጨረሻ የጠየቅሽኝን ላስቀድም፣ አይቀየምም፣ ከተቀየመም ይቀየም። «ዶክተር እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም፣ ነገሩ ትልቅ ስለሆነብኝ ሌላም ሰው ያየው ብዬ ነው» ማለት ነውር የለውም፣ እነሱም ሲከብዳቸው እርስ በርስ ይማከራሉ እኮ። የባዮፕሲውን ውጤት ኮፒ፣ የአልትራሳውንዱን ወይም የማሞግራፊውን (የጡት ራጁን)፣ ከተቻለም ናሙናው ያለበትን ስላይድ ይዘሽ ሂጂ፣ አለበለዚያ እንደ አዲስ ወጋ ወጋ ያደርጉሻል። ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ግን ጨርሺው፣ ሐኪም ሲያማርጡ ወር ያለፋቸው ሰዎች አውቃለሁ።

እብጠቱን ብቻ ማውጣት ይቻላል ወይ? ለብዙ ሴቶች አዎ። በ2002 (በፈረንጆቹ) ከአሜሪካና ከጣሊያን የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ሴቶቹን 20 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ ጡቷ ሙሉ በሙሉ የወጣላትና እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር የተሰጣት በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት እንደሌላቸው ነው ያሳዩት። ዋናው ነገር «ጨረር የተሰጣት» የምትለዋ ናት። እብጠቱ ብቻ ሲወጣ የቀረው ጡት ላይ ጨረር ይከተላል፣ በሳምንት አምስት ቀን ለሦስት ለአምስት ወይ ለስድስት ሳምንት። ለረጅም ዓመት በአገሪቱ ጨረር ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ከጎንደር ተነስቶ ዘመድ ቤት ከርሞ ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፣ አሁን ሌሎችም ከተሞች ጀምረዋል። ስለዚ ጥያቄሽ እንዲህ ይሁን፣ «እብጠቱ ብቻ ቢወጣ ጨረሩን የት ነው የማገኘው፣ በስንት ጊዜ ውስጥ?» መልሱ አይታወቅም ከሆነ ሙሉውን ማውጣት የተሻለው ሊሆን ይችላል፣ አንሶ አይደለም፣ ጥሩ ሕክምና ነው። እብጠቱ ከአንድ በላይ ከሆነ ወይ ከጡቱ አንፃር ትልቅ ከሆነም ሐኪሙ አይሆንም ሊልሽ ይችላል። ሙሉው ወጥቶም ብብት ውስጥ ከተገኘ ጨረር ሊታዘዝ ይችላል፣ እሱንም ቀድመሽ እወቂ። ብቻ ጡትሽ የሚወጣ ከሆነ ለምን እንደወጣ አውቀሽ ይውጣ፣ ሰልፍ ስለነበረ አይደለም።

የልጁ ነገር ደግሞ ሰዓት አለው፣ የመጀመሪያው ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት ነው የሚነሳው፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ኬሞ የእንቁላል ከረጢቱን ሊጎዳ ይችላል፣ በአንቺ ዕድሜ የብዙዎቹ የወር አበባ ይመለሳል ግን ዋስትና የለውም። ኬሞው እየተሰጠ በየወሩ የሚወጋ ጎሰረሊን የሚባል መርፌ አለ፣ የእንቁላል ከረጢቱን ለመጠበቅ ይረዳል፣ ለኔ ይሆናል ወይ፣ ይገኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ። በሕክምናው ጊዜ እርግዝና አይሞከርም፣ መከላከያውም ሆርሞን ያለበት አይሁን፣ ኮንዶም ወይ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ይሻላል። ታሞክሲፌን ከታዘዘልሽ እሱን እየዋጡ ማርገዝ አይገባም፣ ግን በ2023 የወጣ ጥናት የሆርሞን ሕክምናውን ከ18 እስከ 30 ወር ወስደው ለመውለድ ብለው እስከ ሁለት ዓመት ያቋረጡ ሴቶች በተከታተሏቸው ጥቂት ዓመታት ውስጥ ካንሰሩ ከሌሎቹ በልጦ እንዳልተመለሰባቸው አሳይቷል። ስለዚ በሩ አልተዘጋም። ባልሽንም ይዘሽው ግቢ፣ ውጪ ቆሞ አይጠብቅሽ።

ስለ አምስት ደቂቃዋ፣ ሐኪሙ ላይ አልፈርድም ሰልፉን አውቀዋለሁ። ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግቢ፣ ከሦስት አይብለጥ፣ ወረቀቱን እጁ ላይ ስጪው። «ሌላ አማራጭ አለ? ካልተደረገስ ምን ይሆናል? ከማረግዝበት ጋር እንዴት ይሄዳል?» ለአንቺ እነዚህ ይበቃሉ። አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅጂው፣ ካንሰር ከተባለ በኋላ የሚነገረውን ሰው አይሰማም፣ ቤት ገብተሽ ነው የምትሰሚው።

ጥያቄ፦ ይህን የማስጽፈው በልጅ ልጄ እጅ ነው። 74 ዓመቴ ነው፣ አገሬ ዳባት ነው። ፕሮስቴት ነው፣ አጥንት ገብቷል አሉኝ። ወይ ፍሬው ይወጣል ወይ በየሦስት ወሩ መርፌ ነው ተባለ። ልጆቼ መርፌው ውድ ነው ብለው ለኦፕራሲዮን ተስማሙ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተሰልቤ ልሙት?

መልስ፦ አባባ፣ ጥያቄዎን ሳያፍሩ በማስጻፍዎ ደስ ብሎኛል፣ ሌሎች አባቶች ይሄን በሆዳቸው ይዘው ከቀጠሮ ይጠፋሉ፣ ልጆቻቸውም ለምን እንደጠፉ አያውቁም።

የፕሮስቴት (ፊኛ ስር ያለው የወንድ እጢ) ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ነው፣ ሆርሞኑን ደግሞ በብዛት የሚሠራው ፍሬው ነው። ኦፕራሲዮኑም መርፌውም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፣ ሆርሞኑን ያወርዱታል፣ ካንሰሩን በመያዝ በኩል እኩል ናቸው። የስንፈተ ወሲቡ፣ ሙቀት ወጣ ወጣ ማለቱ፣ አጥንት መሳሳቱ በሁለቱም አለ፣ ስለዚ በመርፌው ከዛ አመልጣለሁ ብለው አይምረጡት። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ኦፕራሲዮኑ አንዴ ነው፣ አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከዛ በኋላ ለመርፌ ከዳባት መመላለስ የለም፣ ግን አይመለስም። መርፌው ገላዎን አይነካም፣ ቢያቆሙት ሆርሞኑ ሊመለስ ይችላል፣ ግን ወጪው በየሦስት ወሩ ነው፣ መድኃኒቱ ከጠፋ ወይ ቀን ካለፈ ካንሰሩ ሊነሳ ይችላል። የፍሬው ሽፋን ሳይወጣ ውስጡን ብቻ የሚያወጡበት አሠራርም አለ፣ ከውጭ ሲታይ ያን ያህል ባዶ አይሆንም፣ ሐኪሙን ይጠይቁት።

ልጆችዎ ስለ ገንዘቡ የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ገላው የርስዎ ነው፣ ሳይጠየቁ መስማማታቸው ልክ አይደለም። ሰብስበዋቸው «መርፌው ስንት ነው፣ እስከ መቼ እንችለዋለን» ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፣ ላም ተሽጦም ቢሆን መርፌ ካሉ እሱም የርስዎ ነው፣ ሰምቼ ገባኝ ኦፕራሲዮኑ ይሁን ካሉም እንደዛው። ፈርመው እንኳን ሐሳብዎን ቢቀይሩ ቢላዋ እስኪነሳ ድረስ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አክስቴ ኬሞ ላይ ነች፣ ጠበል ልግባ ሁለት ሱባኤ አለች፣ ፍልሰታም ደርሷል ልፁም ትላለች። እኛ አትሄጂም ብለን ከለከልናት፣ ተኳርፈናል።
ከፒያሳ

መልስ፦ ለምን ትከለክሏታላችሁ? እሷ የጠየቀችው ጠበል ነው፣ ኬሞውን ልተው አላለችም፣ ከልክላችኋት ኬሞውንም እንዳትተወው ነው የምፈራው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይሄ ክርክር አልፎብናል፣ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው ነበር። ቀኑን ከሐኪሟ ጋር አስተካክሉት፣ በሁለት ኬሞ መሃል ደሟ ከታየ በኋላ ይሁን፣ ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ እያለ ያልፈላ ውሃ ባትጠጣ፣ መጠመቁ ይበቃታል። ፆሙን ለነፍስ አባቷ ትንገር፣ በሽተኛን ከፆም የሚፈቱት እነሱ ናቸው እናንተ አይደላችሁም። (ረመዳን ላይ የምትጠይቁኝ የአዲስ ዓለም ሰዎችም ያው ነው፣ ለታመመ ተፈቅዷል።) የሀበሻ መድኃኒት ካለ ግን ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትናገር፣ ጉበት የሚጎዳ አለ፣ ከኬሞው ጋር የሚጣላም አለ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዙር ኬሞ ወስጃለሁ፣ በቃኝ ብል ሐኪሞቹ ያባርሩኛል? ህመሙ ሲመጣስ የት እሄዳለሁ?
ስሜን አትጻፉ

መልስ፦ አያባርሩሽም። ማቆም መብትሽ ነው፣ አንቀጹን ከላይ ጽፌዋለሁ። ግን ከማቆምሽ በፊት ያስመረረሽን ነገር ስሙን ጠርተሽ ንገሪያቸው። ማስታወኩ ከሆነ ከኬሞው በፊት የሚሰጥ መድኃኒት ይጨመራል ወይ ይቀየራል፣ አቅም ማጣቱ ከሆነ መጠኑ ሊቀነስ ወይ ቀኑ ሊራዘም ይችላል፣ የትራንስፖርቱ ከሆነ ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ጠይቂ። ኬሞው ምን ሊያመጣልሽ እንደታሰበም ጠይቂያቸው፣ ሊያድን ነው ወይስ ሊያዘገይ? ሊያድን የሚሰጥና ዕድሜ ሊያራዝም የሚሰጥ ሲተው አንድ አይደለም፣ መልሱን ሳትሰሚ አትወስኚ።

ካቆምሽም ህመም የሚያስታግሰው ሕክምና አብሮ አይቆምም። ሞርፊን የሚጠጣ ሽሮፕ አለ፣ ለሞት የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ ሱስ ያስይዘኛል ብለሽ አትፍሪው፣ በሐኪም ልክ በሰዓቱ ሲወሰድ ለካንሰር ህመም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ሆድ ያደርቃል፣ ስለዚ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካልተጻፈልሽ አስጽፊ። እና ቀጠሮሽን ዝም ብለሽ አትቅሪ፣ ሄደሽ «አቁሜያለሁ፣ የህመም መድኃኒቴን ጻፉልኝ፣ ሐሳቤን ከቀየርኩ ተመልሼ እመጣለሁ» በያቸው፣ ካርድሽ ላይም እንዲጽፉት አድርጊ።